ሚሚዬ፣ ሕመምሽን አትደብቂ

ሚሚዬ፣ የኔ ልጅ፣

አስቀድሜ፣ ወንድምሽን እንዳትቆጪው። እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኩት። ካንቺ ጋር በስልክ አውርቶ ሲጨርስ ፊቱ ልክ አልነበረም። መዋሸት እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ። ከታንክስጊቪንግ ጀምሮ ጉልበትሽ እንዳበጠ፣ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ በኋላ ደረጃ ስትወርጂ የብረቱን መደገፊያ ይዘሽ እንደሆነ፣ የቡድናችሁ ትሬነር፣ ጉዳት የምትከታተለው ባለሙያ፣ ስትጠይቅሽ ግን «ደህና ነኝ» እንደምትያት ነገረኝ። ያ ረጅም ጥቁር የጉልበት ሽፋን ለሙቀት መስሎኝ ነበር። ለካ እብጠቱን መደበቂያ ነው።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ልጻፍላት አልኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት የቆጠርሽው ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው? ቀስ ብለሽ አንብቢው። በረዶም አድርጊበት እያነበብሽ። በፎጣ ጠቅልለሽ፣ 20 ደቂቃ፣ እግርሽን ትራስ ላይ ሰቅለሽ። በረዶውን ቆዳሽ ላይ በቀጥታ እንዳታደርጊው።

እብጠቱ አስደንግጦኛል። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ለወንድምሽ ያልሽው ነው። «ካቻምና ጣቴ፣ አምና ቁርጭምጭሚቴ፣ አሁን ደግሞ ጉልበቴ። ሁሌ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» ብለሽዋል። ማነው ይህን ያሳመነሽ? የቡድን ጓደኞችሽ በጨዋታ መሀል የሚጠሩሽ ያ ስም ነው? ወይስ አሰልጣኛችሁ «ሁልጊዜ የማገኛት ተጫዋች ነው የምፈልገው» ስትል ዓይኗን አንቺ ላይ አሳረፈች? ማንም ይሁን፣ እኔ አልቀበለውም። አንቺም አትቀበዪው። ከምንም በላይ ደግሞ ይህን ሰምተሽ ሕመምሽን አትደብቂ።

እማ ኳስ አታውቅም ብለሽ እንዳትዘዪኝ። አንተና አንቺ ሳትባባሉ ከሰፈር ወንዶች ጋር ፓርኪንግ ውስጥ ስትጫወቺ ጀምሮ ከዳር ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ። አባትሽም ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ኤንቢኤን፣ የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ነው፤ አብሬው ሳይ ሳይ ማን የት እንደተጎዳ ከሱ እኩል አውቃለሁ። እንዲያውም እሱ ነጥቡን ነው የሚይዘው፣ እኔ ጉዳቱን።

ጆኤል ኤምቢድን ውሰጂ። የካሜሩን ልጅ ነው፣ ያውንዴ ነው ያደገው። በ2014 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ፊላደልፊያ ሲመርጠው እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ሁለት ሙሉ ዓመት ሳይጫወት ተቀመጠ። በዚያው በ2014 ታናሽ ወንድሙ አገር ቤት በመኪና አደጋ ሞተበት። ልጅ ነው፣ ሰው አገር ነው፣ እግሩ አይሄድም፣ ወንድሙን አፈር አልብሶ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ተነስቶ በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጃንዋሪ 2024፣ ዴንቨር ላይ ሊጫወት ሲጠበቅ ጉልበቱን አሞት በመጨረሻው ሰዓት ቀረ። ያን ቀን የተወራውን አባትሽ ያስታውሳል። «ዮኪችን፣ የዴንቨሩን ኮከብ፣ ፈርቶ ነው» ተባለ። በስታዲየሙ ያለው ሰው ሳይቀር ጮኸበት። በዚያ ላይ በዚያው ውድድር ዘመን ሊጉ 65 ጨዋታ ያልተጫወተ ትልልቁን ሽልማት አያገኝም የሚል ሕግ ጀምሮ ነበር። ሕጉን ያወጡት ጤነኛ ሆነው የሚያርፉትን ለማስቆም ነው። የታመመውንም ግን አብሮ ይመታል።

በሦስተኛው ቀን ጎልደን ስቴት ላይ ገባ። ሲያነክስ እያየነው ነው የተጫወተው። እኔ ለአባትሽ «ይህን ልጅ አስወጡት» አልኩት፤ እሱ የሚሰማኝ ይመስል። መጨረሻው ሩብ ላይ ወለሉ ላይ እንዳለ ጆናታን ኩሚንጋ እግሩ ላይ ወደቀበት። ሜኒስከሱ፣ በጉልበት አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ፣ ተጎዳ፣ ቀዶ ጥገና ገባ።

አሁን ንገሪኝ፣ ጥፋቱ የማነው? ኩሚንጋ ሆን ብሎ አልወደቀም። ኤምቢድም ጉልበቱን ሆን ብሎ አላሳመመም። እኔ የማየው እንዲህ ነው፤ ሲታመም «ፈሪ» ያሉት ሰዎች ወደ ሜዳ ገፉት። ሲገባና ሲጎዳ ደግሞ እነዚያው ሰዎች «ይኸው፣ ሁሌ ይጎዳል» አሉ። ከወራት በኋላ አንድ ጋዜጠኛ የሞተውን ወንድሙንና የልጁን ስም አንስቶ ስለ ጉዳቱ ሲወቅሰው እጁን አነሳ፤ ሦስት ጨዋታ ታገደ። እጅ ማንሳቱን አልደግፍም። አንቺንም እንደዚያ ስታደርጊ ባይ እቆጣሻለሁ። ግን ገባኝ። የሰውን አጥንት መውቀስ ሳያንስ ሙት ማንሳት ምን ይባላል?

ሚሚዬ፣ ወቀሳው ራሱ ሰው ይሰብራል የምልሽ ለዚህ ነው። የተወቀሰ ሰው ይደብቃል። የደበቀ ሰው ይሰበራል። ይህን ከኤንቢኤ አይደለም የተማርኩት፤ ከወንድሜ ከጋሼ ነው።

ጋሼን የምታውቂው በቪዲዮ ስልክ ነው፣ ነጭ ጺሙን እያሻሸ «ሚሚ አደገች» ሲል። እኔ የማውቀው ጋሼ ሌላ ነው። ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ በባዶ እግር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ከነሱ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። ግራኝ ነው። ጎረምሳ ሳለ አንድ የፋብሪካ ቡድን ወሰደው። ደመወዝ፣ ማሊያ፣ እውነተኛ ታኬታ። የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናታችን ሲሰጣት ብሩን ግንባሯ ላይ አስነክታ እልል አለች። እኔን ከዚራ ወስዶ ጫማ ገዛልኝ፣ ቀይ፣ ዘለበት ያለው። ሰፈር ውስጥ «የእሱ እህት» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳሱን ይዞ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። «ቋ ሲል ሰማሁት» ይላል እስከ ዛሬ። ወጌሻ ቤት ወሰዱት። ወጌሻው በቅቤ አሸው፣ በቀርከሃ አሰረው፣ «ወለምታ ነው፣ ሳምንት ይበቃዋል» አለ። ያኔ ኤምአርአይ የሚባል የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ መሣሪያ ስሙንም የሰማ የለ። ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፣ ጉልበቱ ውሃ እንደቋጠረ ነው። እናታችን ማታ ማታ በጨው ውሃ ስታጥበው ፋኖሱን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። እብጠቱን በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጉዶ ይቀራል፣ ቶሎ አይመለስም።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። አንዱ «ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ነው ሜዳ የገባው» አለ። ጋሼ ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም ነበር። ሌላው «ሴት ይዞ ነው፣ ጉልበቱ አለቀ» አለ። ጎረቤታችን «ዓይን በልቶት ነው» አለች፤ እሷ እንኳ ከሁሉም ትሻላለች፣ ጥፋቱን እሱ ላይ አልጫነችም። በመጨረሻ የቡድኑ ኃላፊ ቤታችን ድረስ መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ቁጭ በል ቢባል እንቢ ብሎ፣ «ደመወዝ የምንከፍለው ለሚተኛ ሰው አይደለም» አለው። ቡና እየቆላሁ ነበር። ጋሼ ብድግ አለ። «ድኛለሁ» አለ። ሳቀም። በሁለት እግሩ ወለሉን ረገጥ ረገጥ አድርጎ አሳየው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ጓዳ ገብቶ ነጠላ ነክሶ ሲያለቅስ አየሁት።

በሚቀጥለው እሁድ ተጫወተ። ዕረፍት ሳይደርስ በሰው ትከሻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኳስ አልተጫወተም። ብዙ ዓመት የዚያው ፋብሪካ በር ጠባቂ ሆኖ ሠራ፤ ቡድኑ ለጨዋታ ሲወጣ በሩን የሚከፍትላቸው እሱ ነበር። ሰው ምን አለ መሰለሽ? «ራሱን ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው፤ ማን ሳይድን ግባ አለው?» አለ። ሲተኛ ሰነፍ፣ ሲነሳ ሞኝ። እናታችን እስክትሞት ድረስ የሚቆጫት አንድ ነገር ነበር። ያን ቀን በረንዳው ላይ ወጥታ «ልጄ አልዳነም» አለማለቷ። እኔንም ይቆጨኛል። ልጅ ነበርኩ፣ ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ግን ነጠላ ሲነክስ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ግን ልጅ አይደለሁም። ስለዚህ እንዲህ ነው የምናደርገው። እስከ ረቡዕ ማታ ለትሬነራችሁ ሁሉንም ትነግሪያታለሽ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ስትወርጂ እንደሚያምሽ፣ አንዳንዴ እንደሚከዳሽ። ካልነገርሽ ሐሙስ ጠዋት እኔ ራሴ እደውልላታለሁ። ቁጥሯን ከወንድምሽ ወስጃለሁ። እሱንም ለዚህ እንዳትቆጪው።

ጋሼ የጨዋታሽን ቪዲዮ ስልክለት ስንት እንዳስቆጠርሽ አይጠይቅም። ዘለሽ ስታርፊ ነው ደጋግሞ የሚያይሽ። ባለፈው «ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል» አለኝ። እሱ ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞች የሚሉትን ነው ግን ያለው። ያ ኤሲኤል የምትሉት የጉልበት ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሰው ገጭቶ አይደለም። ሲያርፉ፣ ድንገት ሲቆሙ፣ አቅጣጫ ሲቀይሩ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ያንኑ ስፖርት ከሚጫወቱ ወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ ይደርሳል። የዳሌ ቅርጽ ይላሉ፣ ሆርሞን ይላሉ፣ የታፋ ጡንቻ አሠራር ይላሉ። ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው አንቺ የመረጥሽው? የትኛው ነው ጥፋትሽ?

አንቺ የምትችዪው አንድ ነገር አለ። ያ አሰልቺ ነው የምትዪው ማሞቂያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ ማረፍ፣ የታፋ ጀርባ ማጠንከር፣ ሳይቋረጥ ከተሠራ ጉዳቱን በብዙ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሥሪው። ሐኪም ካየሽ በኋላ ማለቴ ነው። አሁን እንዳትጀምሪ።

«ታዲያ ዛየን ዊልያምሰንስ?» ትዪኛለሽ። አውቅሻለሁ፣ ክርክር ትወጃለሽ፤ በዚህ አባትሽን ነሽ። እሺ እንነጋገር። ዛየን በ2019 አንደኛ ተመረጠ፣ 2021-22ን ሙሉውን በእግር ስብራት ሳይጫወት ቀረ፣ ሰው ሁሉ ክብደቱን እየመዘነ ተሳለቀበት። ሰውነትን መጠበቅ የተጫዋች ሥራ ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ልምምድ፣ በነዚህ ማንም ሊጠየቅ ይገባዋል፣ አንቺም ጭምር። ሌሊት ሰባት ሰዓት ዋትስአፕ ላይ ኦንላይን ሆነሽ አይሻለሁ። ይህን ግን ከአጥንት መሰበር ጋር አንድ ላይ መቋጠር ግፍ ነው። ግሬግ ኦደን በ2007 ከኬቨን ዱራንት ቀድሞ አንደኛ ተመረጠ። በልጅነቱ ዳሌው ታሞ ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት አንድ እግሩ ከሌላው ይረዝም ነበር። አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ገባ። በጠቅላላ 105 ጨዋታ ተጫውቶ ቀረ። እሱን ምን ብለን እንውቀሰው? ለምን በልጅነትህ ታመምክ ብለን?

ደግሞ ስም የሚለጥፉ ሰዎች ነገን አያውቁም። ስቴፍ ከሪ በመጀመሪያ ዓመታቱ «የመስታወት ቁርጭምጭሚት» ነበር የሚባለው። 2011-12 ላይ 26 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ቁርጭምጭሚቱን ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቡድኑ በ2012 ውል ሲያስፈርመው በአራት ዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ነው የሰጠው፤ ለእንደዚያ ዓይነት ተጫዋች ትንሽ ነበር፣ ይሰበራል ብለው ፈርተው ነው። ከዚያ ሸክሙን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ዳሌውና ወደ መቀመጫው ጡንቻ የሚያሸጋግር ልምምድ ያዙት። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ከሪ ምን አደረገ? አልደበቀም። የት እንደሚያመው ተናገረ፣ የሚያውቅ ሰው አየው፣ ምክንያቱ ተገኘ። ሚሚ፣ የሚታየው ነገር ነው የሚታከመው። ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አያቶችሽ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

አድቪል፣ ያን የሕመም ማስታገሻ፣ በባዶ ሆድ እንዳትወስጂ። ለመጫወት ብለሽ ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው እንዳትወስጂ። ማደንዘዣ መርፌ ወግተን እናስገባሽ የሚል ሰው ቢመጣ «እናቴን ላማክር» በዪ። እንዳታፍሪ። ቢል ዋልተን፣ ያ ረጅም ቀይ ጸጉር የነበረው፣ በ1977 ፖርትላንድን ሻምፒዮን አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት እግሩ ታሞ እያለ ለፕሌይኦፍ፣ ለዋንጫው ማጣሪያ ጨዋታ፣ ማደንዘዣ ተወግቶ ገባ። በኋላ ሲታይ የእግሩ አጥንት ተሰብሯል። ሕመም እኮ ተናጋሪ ነው፤ አፉን ከዘጋሽው ማን ይነግርሻል? ዋልተን በ2024 እስኪሞት ድረስ የቀዶ ጥገናውን ብዛት ሲያወራ ከ30 በላይ ነበር የሚለው። ከተፈጥሮውም እግሩ ልክ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፣ ቢያምሽም። ቡድን ውለታ አይቆጥርም። አይዛያ ቶማስን አስታውሺ፣ አጭሩን። አባትሽ በጣም ነበር የሚወደው። በ2017 እህቱ በመኪና አደጋ ሞተች፤ በማግስቱ ለቦስተን ተጫወተ። በልደቷ ቀን 53 ነጥብ አገባ። ዳሌው ተጎድቶ እያለ ነው ይህ ሁሉ። ከዚያ በላይ መስጠት ከማይችልበት ደረሰ፣ በፕሌይኦፉ መሀል ቆመ። በዚያው ክረምት ወደ ክሊቭላንድ ሸጡት። በዓመቱ ዴንቨር በዝቅተኛው ክፍያ ወሰደው። ያን ጊዜ በየቡድኑ ሲዞር የነበረውን ሳስብ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል። አሰልጣኛችሁ ክፉ ሴት ናት አላልኩም። ልደትሽን አስታውሳ ኬክ እንዳመጣችልሽ አልረሳሁም። ሥራዋ ግን ማሸነፍ ነው። የኔ ሥራ አንቺ ነሽ።

ኬቨን ዱራንት በ2019 ባቱን ታሞ አንድ ወር ተቀመጠ። «ለምን አይመለስም» ሲባል ሰነበተ። ጁን 10 ቶሮንቶ ላይ ገባ፣ ሁለተኛው ሩብ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ከተመልካቹ ያጨበጨበም ነበር፤ ያን የሰማሁ ቀን ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። የቡድኑ ኃላፊ ቦብ ማየርስ ጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ጥፋተኛ የለም፣ የግድ ሰው መውቀስ ካለባችሁ ግን እኔን ውቀሱ የሚል ነገር ተናገረ። አንድ ኃላፊ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለጋሼ በስልክ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ደግ ሰው ነው» አለኝ።

በ2025 ደግሞ ታይሪስ ሃሊበርተን። እሱም ባቱን ታሞ ነበር። የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ የመጀመሪያው ሩብ፣ ሦስት ባለ ሦስት ነጥብ አግብቶ፣ ያው የተረከዝ ጅማት። ወለሉን በመዳፉ ሲደበድብ አይተሻል። በኋላ ቢደገም ደግሜ እገባ ነበር አለ። እሱን አልወቅሰውም። አዋቂ ነው፣ ሐኪሞቹ አውቀዋል፣ ቤተሰቡ አውቋል፣ ጨዋታው የዕድሜ ልክ ጨዋታ ነው፣ መረጠ። ልዩነቱን ልብ በዪልኝ። ባቱ እንደታመመ ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። አልደበቀም። አንቺ ግን በዲሴምበር፣ ለተራ ጨዋታ፣ ማንም ሳያውቅ ነው ጉልበትሽን የምትሰጪው።

ከሁሉም ለኔ ትልቁ ዴሪክ ሮዝ ነው። የቺካጎ ልጅ፣ በ22 ዓመቱ የሊጉ ኮከብ፣ ከሱ በፊትም በኋላም በዚያ ዕድሜ ያገኘው የለም። ኤፕሪል 28 ቀን 2012፣ ቡድኑ በ12 ነጥብ እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከምናምን ሲቀረው ዘለለ፣ የግራ ጉልበቱ ኤሲኤል ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሞች መጫወት ትችላለህ አሉት። እሱ ገና ነኝ አለ። ሙሉ ዓመቱን በሱፍ ልብስ ቤንች ላይ ተቀመጠ፣ የገዛ ከተማው ሰው ደግሞ ስሙን አጠፋ። ጓደኞቹ ታመው እየተጫወቱ እሱ ተቀምጧል ተባለ። ታገሠ። ተመልሶ 10 ጨዋታ እንደተጫወተ ሌላኛው ጉልበቱ ተጎዳ። እዚህ ላይ አንቺ «ታዲያ መታገሡ ምን ጠቀመው?» ትዪ ይሆናል። እኔ የማየው ሌላ ነው። የሰው ጩኸት ሰምቶ ቢገባ ኖሮ ዕድሜ ልኩን «ባልገባ ኖሮ» እያለ ይኖር ነበር። ጋሼ እንደሚለው ማለቴ ነው። ሮዝ ሰውነቱን ሰማ፣ የሆነው ሆነ። ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ለሚኒሶታ 50 ነጥብ አግብቶ ሜዳው መሀል ሲያለቅስ አባትሽ «ይኸው ሰውዬው» እያለ ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ ታስታውሺያለሽ? አንቺም ጫጩት አክለሽ ሶፋው ላይ ነበርሽ። ሌሊት ስለነበር ተኚ አላልኩሽም፤ ይህን ትየው ብዬ ነው።

ሩቅ ከሆነብሽ እዚሁ ዋሽንግተን ሃይስኩል የተማረችውን አዚ ፈድን እዪ። ገና በ16 ዓመቷ ጉልበቷ ተበጠሰ። ዩኮን፣ ኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ገብታ በ2023 ኖቬምበር ያው ቀኝ ጉልበት እንደገና ሄደ። አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠች። «ይቺ ልጅ አለቀላት» ያሉ ስንት ናቸው? በ2025 ኤፕሪል ታምፓ ላይ ቡድኗ ሻምፒዮን ሲሆን የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች እሷ ነበረች። ይህን የምነግርሽ አንቺም ዋንጫ ታነሻለሽ ብዬ አይደለም። ባታነሺም ልጄ ነሽ። ተቀምጣ በመዳኗ ማንም ያጣችው ነገር አለ ሊላት እንደማይችል እንድታዪ ነው።

ስኮላርሺፑን ፈርተሽ ከሆነ፣ ይቅር። ሰማሽኝ? ይቅር። አባትሽም እንዲሁ ብሏል። ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ፣ ብድርም አለ፣ ቅርብ ኮሌጅም አለ። በሁለት እግርሽ ደረጃ ወጥተሽ ዲግሪሽን እንድትቀበዪ ነው የምፈልገው። በ40 ዓመትሽ ልጅሽን አዝለሽ ስትነሺ ጉልበትሽን እንድትይዢ አልፈልግም።

ጾሙን በተመለከተ ንስሐ አባታችንን አነጋግሬያለሁ። ሕመምተኛ ናት፣ ወተትና እንቁላል ትብላ ብለዋል። ስለዚህ ሽሮ ብቻ በልቼ ውዬ ልምምድ ሄድኩ የሚል ነገር እንዳልሰማ። ሽፋኑን ሌሊት አውልቂው፣ ደም ያግዳል። አውቶቡስ ላይ መተላለፊያው በኩል ተቀመጪ፣ እግርሽን እንድትዘረጊ። ያን የተበላ ጫማ ጣዪው፤ ገንዘብ በዜል ልኬልሻለሁ፣ ለጫማ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

የቆጣሁሽ መስሎሽ እንዳታለቅሺ። ትናንት አልጋሽ ላይ ተቀምጬ የልጅነት ማሊያሽን ሳጣጥፍ ነበር፣ እጅጌው ላይ አሁንም የማርከር ቀለም አለበት። ጎበዝ ልጅ ነሽ። ሰነፍ ሆነሽ አታውቂም። ተሰባሪም አይደለሽም። ጉልበቷን ያመማት ልጅ ነሽ፣ ይኸው ነው። ጥፋት የሚሆነው መታመምሽ ሳይሆን እኔ እያለሁ ብቻሽን መታመምሽ ነው። እና አትደብቂ። ከትሬነሯም፣ ከአሰልጣኟም፣ ከኔም አትደብቂ።

አርብ ጠዋት እዚያ እደርሳለሁ፣ የሌሊቱን አውቶቡስ ነው የምይዘው። አባትሽ ከወንድምሽ ጋር ይቀራል። ኤምአርአይ ካዘዙልሽ ቀጠሮውን እኔ እስክመጣ አታቆዪው፣ ቀድመሽ ግቢ። የኢንሹራንስ ካርዱን የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ በዋትስአፕ ልኬልሻለሁ። ሲጨርሱ የምስሉን ሲዲ ስጡኝ በያቸው፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ እዚህ ሌላ ሐኪም እንዲያየው እፈልጋለሁ። ጋሼም ውጤቱን ንገሪኝ ብሏል፤ ማታ ማታ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ከኔ ቀጥሎ ለሱ ደውዪለት።

እናትሽ